ስለሚለቀቀው ፍየል፤ የአንድ የእንግሊዝ ቃል ንባቡና ምሥጢሩ

አንባቢ ሆይ፤ በዘመናዊ ትምህርት ቤት የሚማር አንድ የደብራችን ልጅ ባለፈው ጾመ ፍልሰታ ከቅዳሴ በኋላ ወደ እኔ መጣና፥ «የኔታ፤ በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ስኬፕጎት የሚል ቃል አገኘሁ። አስተማሪያችን፥ የመሥዋዕት በግ ብለህ ተርጕመው አሉኝ። ነገር ግን ጎት ማለት ፍየል ነው እንጂ በግ አይደለም፤ ፍየሉ በምን ምክንያት በግ ሆነ?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም የእንግሊዝ ቋንቋ ዐዋቂ ስላልሆንሁ ቃሉን ለሚያውቁ ሰዎች አሳይቼ ጠየቅሁ፤ ነገሩም ከኦሪት ዘሌዋውያን የተቀዳ መሆኑን በተረዳሁ ጊዜ የልጁን ጥያቄ በሁለት ቃል መልሼ ልተወው አልወደድሁም። ይህ ቃል ዛሬ በጋዜጣና በሬዲዮ፥ በሸንጎና በመንደር የሚነገር ሁኗልና፤ ከሚናገሩትም ብዙዎቹ ከወዴት እንደ መጣ አያውቁትምና።

ጥሬ ንባቡ እንዲህ ነው። ቃሉ ሁለት ቃላት ተጋጥመው የሆኑት አንድ ስም ነው። «ስኬፕ» የሚለው፥ ማምለጥ ማለት ከሆነው «እስኬፕ» ከሚለው ግሥ የመጀመሪያው ድምፅ ተቈርጦ የቀረው ነው፤ «ጎት» ፍየል ነው። ስለዚህ በቁሙ ሲተረጐም «የሚያመልጥ ፍየል» ይሆናል። እንግሊዞች በእንስሳ ስም እንዲህ አጋጥመው የሚሠሩት ቃል ብዙ ነው። «ቤልዌዘር» የሚሉት አለ፤ «ቤል» ቃጭል፥ «ዌዘር» የተኰላሸ በግ፥ ማለት ሙክት ነው፤ በጥሬው ቃጭል ታስሮለት መንጋውን የሚመራ ሙክት ሲሆን፥ በምሳሌ ግን ሌላው ሁሉ የሚከተለው መሪ ማለት ነው። ያ ግን ከእረኛ ሜዳ የመጣ ቃል ነው፤ እኛ የያዝነው ከቤተ መቅደስ የመጣ ነው።

ቃሉን የፈጠረው ሰው ይታወቃል። ዊልያም ቲንደል የተባለው እንግሊዛዊ ካህን አምስቱን ብሔረ ኦሪት ከዕብራይስጥ ወደ ቋንቋው መልሶ በ1530 ዓመት አሳተመ (በዚህ ጽሑፍ የሚገኘው ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው)። በዘሌዋውያን ምዕራፍ 16 ላይ በደረሰ ጊዜም «ዐዛዝኤል» የሚለውን የዕብራይስጥ ቃል በሁለት ከፍሎ አነበበው፤ በዕብራይስጥ «ዔዝ» ፍየል ነውና፥ «አዛል» ሄደ ማለት ነውና፥ «የሚሄድ ፍየል» እንደ ማለት አድርጎ አዲስ ስም ሠራለት። በ1611 የታተመው፥ በንጉሣቸው በጄምስ ስም የሚጠራው መጽሐፍ ቅዱስ ይህን ቃል ስለ ተቀበለው በሕዝቡ አፍ ጸና። ቲንደል ራሱ ግን በአገሩ ለመተርጐም ስላልተፈቀደለት በስደት ሲኖር አንድ ሰው አሳልፎ ሰጠው፤ በ1536 በብራስልስ አጠገብ ቪልቮርድ በሚባል ስፍራ አንቀው ገደሉት፥ ሥጋውንም አቃጠሉት።

አሁን ወደ ኦሪቱ እንመለስ። ምዕራፉ የሚጀምረው ከአሮን ሁለት ልጆች ሞት በኋላ ነው፤ ይኸውም ያልታዘዘ እሳት አቅርበው የሞቱት ናዳብና አብዩድ ናቸው። ከዚያ በኋላ አሮን ወደ ውስጠኛው መቅደስ በፈቀደ ጊዜ ሁሉ እንዳይገባ ተከለከለ፤ በዓመት አንድ ጊዜ፥ በሰባተኛው ወር በዐሥረኛው ቀን እንዲገባ ሥርዐት ተሠራለት። በዚያ ቀን የክብር ልብሱን ትቶ የበፍታ ልብስ ይለብሳል። አስቀድሞ ስለ ራሱና ስለ ቤቱ ኀጢአት ወይፈን ያቀርባል። ከሕዝቡም ሁለት ፍየሎች ይቀበላል፤ በድንኳኑ ደጃፍ አቁሞ ዕጣ ይጥልባቸዋል፤ አንዱ ዕጣ ለእግዚአብሔር፥ አንዱ ዕጣ ለዐዛዝኤል ይወጣል። ለእግዚአብሔር የወጣው ይታረዳል፥ ደሙም ከመጋረጃው ውስጥ ይገባል። ለሌላው ግን አሮን ሁለቱን እጆቹን በራሱ ላይ ጭኖ የእስራኤልን በደል ሁሉ፥ መተላለፋቸውንም ሁሉ ይናዘዝበታል፤ ለዚህም በተዘጋጀ ሰው እጅ ወደ ምድረ በዳ ይሰደዳል። ፍየሉ ኀጢአታቸውን ተሸክሞ ሰው ወደማይኖርበት ምድር ይሄዳል። የወሰደውም ሰው ልብሱን ሳያጥብ፥ ገላውንም ሳይታጠብ ወደ ሰፈር አይገባም።

በዚህ ንባብ ልብ ልንላቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። በሌላው መሥዋዕት የሚያቀርበው ሰው እጁን ይጭናል ይላል፤ በዚህ ግን ሁለቱን እጆቹን ይላል። ደግሞም ከእጅ መጫኑ ጋራ ሌላ ነገር እዚህ ተነግሯል፤ ይኸውም ኑዛዜ ነው። ካህኑ ዝም ብሎ እጁን አይጭንም፤ የሕዝቡን በደል በአፉ ይናገራል። ይህን አንባቢ በልቡ ይያዘው፤ ኋላ እንፈልገዋለንና።

«ዐዛዝኤል» የተባለው ምንድር ነው በሚለው ነገር ሊቃውንት ብዙ ተከራክረዋል። ሰብዓ ሊቃናት ኦሪትን ወደ ጽርዕ ሲመልሱ «የሚሰደደው» በሚል ቃል ተረጐሙት፤ ሄሮኒሞስም በሮማይስጥ «የሚላክ ፍየል» አለው፤ ፈረንሳዮች ዛሬ የሚናገሩት «ቡክ ኤሚሴር» ከእርሱ የተወረሰ ነው። ጀርመኖች ግን በተለምዶ «ዚንደንቦክ» ይሉታል፤ የኀጢአት ፍየል ማለት ነው። አንድም የአይሁድ መምህራን በታልሙድ እንደ ተናገሩት፥ ቃሉ የጨከነ፥ የበረታ ገደል ስም ነው። አንድም የጋኔን ስም ነው። በ1885 የወጣው የታረመው የእንግሊዞች ብሉይ ኪዳን «ስኬፕጎት» የሚለውን አውጥቶ «ዐዛዝኤል» የሚለውን ስም እንዳለ አስገብቶታል። እንግዲህ ቃሉን የወለደው ንባብ በራሳቸው ሊቃውንት ዘንድ የተጠራጠሩበት ሆነ፤ ቃሉ ግን ከመጽሐፉ ወጥቶ በመንገድ ቀረ።

የጋኔን ስም ነው ለሚለው ትርጓሜ ምስክሩ በእኛ እጅ ያለው መጽሐፈ ሄኖክ ነው። ይህ መጽሐፍ ሙሉ ሁኖ የተገኘው በግእዝ ብቻ እንደ ሆነ የታወቀ ነው፤ ጄምስ ብሩስ የተባለው ስኮትላንዳዊ መንገደኛ በ1773 ግልባጮቹን ከአገራችን ይዞ አውሮፓ እስኪገባ ድረስ የአውሮፓ ሊቃውንት መጽሐፉ የጠፋ ይመስላቸው ነበር። በዚያ መጽሐፍ እንደ ተነገረ፥ ዐዛዝኤል ከወረዱት ትጉሃን አንዱ ነው፤ ለሰዎች ሰይፍና ጋሻ መሥራትን፥ ጌጥንና ኵልን አስተማረ። ኋላም እግዚአብሔር ሩፋኤልን ልኮ እጁንና እግሩን አስሮ በዱዳኤል ምድረ በዳ በጨለማ እንዲጥለው፥ ሻካራና ስለታም ድንጋይ እንዲጭንበት፥ ኀጢአትንም ሁሉ በእርሱ ላይ እንዲጽፍ አዘዘ። የአይሁድ መምህራን ፍየሉ በሚሄድበት መንገድ ላይ የሚጠሩት አንድ ስፍራ አለ፤ «ቤት ሐዱዶ» ይሉታል፤ ስሙ ከዱዳኤል ጋራ ስለ ተቀራረበ፥ ሁለቱ ከአንድ ምንጭ የተቀዱ ናቸው የሚሉ ሊቃውንት አሉ።

እንዲህ ከሆነ፥ እስራኤል ለጋኔን መሥዋዕት አቀረቡን? ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። አይደለም። ወዲያው በሚቀጥለው ምዕራፍ፥ በ17፥ ለአጋንንት መሠዋት ፈጽሞ ተከልክሏልና። ደግሞም ሁለተኛው ፍየል አይታረድም፥ ደሙ አይረጭም፥ ሥጋው በመሠዊያ አይቃጠልም፤ መሥዋዕት የሚያሰኘው ነገር አንዳች የለበትም። ነገሩ ዕቃን ወደ ባለቤቱ እንደ መመለስ ነው፤ ኀጢአት ከምድረ በዳ ከመጣ ወደ ምድረ በዳ ይመለስ እንደ ማለት ነው። ለእኔ ከትርጓሜዎቹ ሁሉ ይህ ይበልጥ የቀና ይመስለኛል፤ ንባቡ «ለእግዚአብሔር» ብሎ በአንጻሩ «ለዐዛዝኤል» ሲል፥ በስም አንጻር ስም መቆሙ የሚገባ ነውና። ሆኖም «የሚሄድ ፍየል» የሚለውን የያዘ ሰው ቢኖር አልጣላውም፤ ሰብዓ ሊቃናት ከእርሱ ጋራ ናቸውና፥ የእኛም ኦሪት ከእነርሱ የተቀዳ ነውና።

በሁለተኛው ቤተ መቅደስ ዘመን ሥርዐቱ እንዴት ይፈጸም እንደ ነበረ የአይሁድ መምህራን በሚሽና፥ «ዮማ» በተባለው ክፍል ጽፈውታል። ሁለቱ ፍየሎች በመልክ፥ በቁመትና በዋጋ አንድ ዐይነት ይሆኑ ዘንድ፥ በአንድ ጊዜም ይገዙ ዘንድ የተገባ ነበር። ዕጣው በፊት የእንጨት ነበረ፥ ኋላ ግን የወርቅ ተሠራለት። በሚሰደደው ፍየል ራስ ላይ ቀይ ፈትል ይታሰርበታል። ከኢየሩሳሌም እስከ ገደሉ ድረስ በየመንገዱ ዐሥር ዳሶች ይተከላሉ፤ የከተማው ታላላቆች እስከ መጀመሪያው ዳስ ይሸኙታል፤ በየዳሱም ፍየሉን ለሚወስደው ሰው፥ ምግብም ውኃም ይኸውልህ ይሉታል። ከባቢሎን የመጡ ሰዎች ፍየሉን ጠጕሩን እየነጩ፥ ተሸክመህ ቶሎ ሂድልን እያሉ ያስቸግሩት ስለ ነበረ ከፍ ያለ መተላለፊያ ሠሩለት። በመጨረሻም ሰውዬው ቀዩን ፈትል ለሁለት ከፍሎ፥ እኩሌታውን በድንጋዩ፥ እኩሌታውን በቀንዶቹ መካከል ያስርና ወደ ኋላው ይገፋዋል፤ ፍየሉም ገደሉን ሳያጋምስ ይሰባበራል። ይህ በኦሪቱ አልተጻፈም፤ ኦሪቱ በሕይወት ይሰደዳል ነው የሚለው። ምናልባት ፍየሉ ኀጢአታቸውን እንደ ተሸከመ ተመልሶ ወደ ከተማ እንዳይገባባቸው ፈርተው ይሆናል። እንግዲህ እንግሊዞች «የሚያመልጥ» ያሉት ፍየል በኋለኛው ዘመን አላመለጠም።

ሁለቱ ፍየሎች አንድ ዐይነት ይሁኑ መባሉ ግን ጥልቅ ነገር አለበት። አንዱ ከአንዱ የከፋ ስለ ሆነ አልተሰደደም። ማንም፥ ይህ ጠማማ ነው፥ ይህ ዕውር ነው ብሎ አልመረጠውም። ዕጣ ነው የለየው። ስለዚህ ከሕዝቡ አንድ ሰው እንኳ «ፍየሉ አጥፍቶ ነው» ብሎ ሊያስብ አይችልም ነበር።

ይህን ነገር ይበልጥ የሚገልጠው በመጽሐፈ ኩፋሌ የተጻፈው ታሪክ ነው፤ ይህም በእኛ ዘንድ ተጠብቆ የቈየ መጽሐፍ ነው። የስርየት ቀን ስለ ምን በሰባተኛው ወር በዐሥረኛው ቀን ሆነ? ስለ ምንስ በፍየል ሆነ? ለሚለው ጥያቄ ኩፋሌ በምዕራፍ 34 ምላሽ ይሰጣል። የያዕቆብ ልጆች ወንድማቸውን ዮሴፍን ከሸጡት በኋላ የፍየል ጠቦት አርደው ልብሱን በደሙ ነከሩት፥ ወደ አባታቸውም ላኩት፤ ይህም የሆነው በሰባተኛው ወር በዐሥረኛው ቀን ነው። ያዕቆብ፥ ክፉ አውሬ በላው ብሎ አለቀሰ፤ ባላና ዲናም በዚያው ኀዘን ሞቱ። ስለዚህ የእስራኤል ልጆች በዚያ ቀን በየዓመቱ ስለ ኀጢአታቸው በፍየል ጠቦት ያስተሰርዩ ዘንድ ታዘዘ፤ የአባታቸውን ልብ በልጁ ነገር አሳዝነዋልና።

አንባቢ ሆይ፤ ይህን ተመልከት። ዐሥሩ ወንድማማች ያደረጉት ምን ነበር? የራሳቸውን በደል በአውሬ ላይ ጣሉ። በዱር የሚኖር፥ አፍ የሌለው፥ ሸንጎ ቀርቦ «እኔ አልበላሁም» የማይል አውሬ ተከሰሰ። ለማስረጃም የፍየል ደም ቀረበ። ፍየሉ የሐሰት ምስክር ሆነ ማለት ነው። እግዚአብሔርም ያንኑ ፍየል መልሶ አምጥቶ፥ አሁን እጃችሁን በራሱ ላይ ጭናችሁ እውነቱን ተናገሩበት አላቸው። በደል የተሸሸገበት ፍየል በደል የሚገለጥበት ሆነ።

አሮንም ራሱ እንዲሁ ነው። ሙሴ ከተራራው ወርዶ ጥጃውን ባየ ጊዜ፥ ይህ ሕዝብ ምን ቢያደርግህ ነው ይህን ታላቅ ኀጢአት ያመጣህበት? ብሎ ጠየቀው። አሮን የመለሰው መልስ በዘፀአት ምዕራፍ 32 ተጽፏል፤ ሕዝቡ ክፉ መሆኑን አንተ ታውቃለህ አለ፥ ወርቁን ከእሳት ጣልሁት፥ ይህም ጥጃ ወጣ አለ። በመጀመሪያ በሕዝቡ አሳበበ፤ ያ እንዳይበቃው ፈርቶ በእሳቱ አሳበበ። (ይህን ሳነብ ሁል ጊዜ ሳቅም ኀዘንም ይመጣብኛል፤ እኛ ካህናት ከአሮን የወረስነው ክህነቱን ብቻ አይደለምና።) ኋላ በዚህ ሰው ላይ ነው ሥርዐቱ የተሠራው፤ ስለ ሕዝቡ ከመናዘዙ በፊት ስለ ራሱ ኀጢአት ወይፈን ያቅርብ ተባለ። ጥጃ ያወጣ ሰው ወይፈን ይዞ ገባ።

ስለ ምሥጢሩ ብዙ መጻፍ በዚህች ትንሽ ጽሑፍ አይቻልም። ቅዱስ ቄርሎስ ለኤጲስ ቆጶስ አካክዮስ በጻፈው መልእክት ስለ ሁለቱ ፍየሎች ተጠይቆ፥ ሁለቱም የአንዱ የክርስቶስ ምሳሌ ናቸው ብሎ መልሷል፤ የታረደው በሥጋ መሞቱን፥ የተለቀቀው በመለኮቱ ከሞት በላይ መሆኑን ያሳያል፤ ሁለት ክርስቶስ እንዳይባል ግን እጅግ ይጠነቀቃል። በወንጌልም ቀያፋ፥ ሕዝብ ሁሉ ከሚጠፋ አንድ ሰው ቢሞት ይሻላል ብሎ መከረ። ቀያፋ በዚያ ዓመት ሊቀ ካህናት ነበረ፤ እጁን በፍየሉ ላይ የሚጭን እርሱ ነበረ። ነገር ግን በጌታችን ላይ እጁን ሲጭን ኑዛዜው ቀረ። የሕዝቡንም፥ የራሱንም በደል አልተናገረም፤ ይልቁንም ተሳድቧል ብሎ ንጹሑን ከሰሰ።

አሁን በዘመናችን የሚነገረውን ምሳሌያዊ ትርጕም ለማየት ደረስን። «ስኬፕጎት» የሚለው ቃል ለረጅም ጊዜ በእንግሊዞች ዘንድ የኦሪቱ ፍየል ስም ብቻ ነበር። ከ19ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ግን፥ ሌሎች ላጠፉት ጥፋት እርሱ የሚወቀስበት፥ የሚቀጣበት ሰው ማለት ሆነ። በዚያው መቶ ዓመት ሆልማን ሃንት የሚባለው ሠዓሊ በ1854 ወደ ሙት ባሕር ዳር ሄዶ ፍየሉን ሣለው፤ በጨው ምድር ላይ እግሮቹ የተብረከረኩ፥ በቀንዱ ቀይ ፈትል የታሰረበት ፍየል ነው፤ ሥዕሉ ዛሬ በእንግሊዝ አገር ፖርት ሰንላይት በሚባል ስፍራ ይገኛል። በ20ኛው መቶ ዓመት ደግሞ ከስሙ ግሥ አውጥተው፥ ሰውን ፍየል ማድረግ እንደ ማለት ይናገሩበታል።

ነገር ግን ቃሉ ከመጽሐፍ ወደ መንገድ ሲወጣ ተገልብጧል፤ ይህንም ብዙ ሰው አላስተዋለውም። በኦሪቱ ሕዝቡ ኀጢአቱ የራሱ እንደ ሆነ ያውቃል፤ በፍየሉ ፊት ቁሞ ይናዘዘዋል፤ ፍየሉም ንጹሕ እንደ ሆነ ያውቃል። ዛሬ በሚነገረው ምሳሌ ግን ሕዝቡ ኀጢአቱን አያውቅም፥ ወይም ዐውቆ ይክዳል፤ በደለኛው ፍየሉ ነው ብሎ ያምናል፤ ስላመነም ሲያሳድደው ጽድቅ የሠራ ይመስለዋል። በኦሪቱ የወሰደው ሰው ልብሱን ያጥባል፤ ዛሬ ግን የሚያሳድደው ሰው የሚታጠበው ነገር ያለበት አይመስለውም። ረኔ ዢራር የሚባለው የፈረንሳይ ሊቅ በ1982 በዚሁ በፍየሉ ስም ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ነገር በሰፊው መርምሮታል፤ አሳዳጆች የሚጽፉት ታሪክ ሁሉ የተሰደደውን በደለኛ አድርጎ ይጽፋል፥ ወንጌል ግን የተሰደደው ንጹሕ መሆኑን ገልጦ ይመሰክራል ይላል።

የዚህን ክፋት መጠን ለማየት አንድ ታሪክ ይበቃናል። በ1348 ዓመት ታላቁ ቸነፈር በአውሮፓ በተስፋፋ ጊዜ፥ አይሁድ የውኃውን ጕድጓድ መርዘውብን ነው የሚል ወሬ ተነሣ። የሮሜው ጳጳስ ቀሌምንጦስ 6ኛ በዚያው ዓመት ደብዳቤ ጽፎ ወሬው ሐሰት መሆኑን ተናገረ፤ ቸነፈሩ አይሁድንም እየገደላቸው ነው፥ አይሁድ በሌሉበት አገርም ገብቷል፥ ታዲያ እንዴት የእነርሱ ሥራ ይሆናል? ብሎ በምክንያት አስረዳ። የሰማው ግን ጥቂት ነው። በስትራስቡርግ ከተማ በ1349 የካቲት 14 ቀን የከተማውን አይሁድ ሰብስበው በእሳት አቃጠሏቸው። ቸነፈሩ በዚያን ጊዜ ወደ ከተማዪቱ ገና አልገባም ነበር። ኋላም ገባ፤ የአይሁድ መቃጠል አላስቀረውም። በሽታውን የሚያመጣው በቍንጫ የሚተላለፍ ረቂቅ ሕዋስ እንደ ሆነ የታወቀው ከ500 ዓመት በላይ ቈይቶ በ1894ና ከዚያ በኋላ ነው። ከ1933 እስከ 1945 በጀርመን የሠለጠኑት ሰዎች ስለ ሠሩት፥ በጦርነት የመሸነፍንና የድኽነትን ነገር በአይሁድ ላይ ጥለው ወደ ስድስት ሚሊዮን የሚሆን ነፍስ ስለ ማጥፋታቸው፥ አንባቢ የሚያውቀው ስለ ሆነ አላተትም።

በአገራችንስ የለምን? አለ። አበው «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ያሉት ይህንኑ ነው፤ አህያውን ለመምታት የፈራ ሰው ጭነቱን ይመታል። ከብት ሲሞት፥ ሕፃን ሲታመም፥ ቀጥቃጩን ወይም ሸክላ ሠሪዋን «ቡዳ ናት፥ በላችብን» ማለት በየአውራጃው ስንት ሰው አስለቅሷል። ማረሻውን የሚሠራልን፥ የምንበላበትን ምጣድ የምትሠራልን፥ እነርሱ ናቸው። ከእነዚህም ብዙዎቹ ቤተ እስራኤል ነበሩ፤ ዛሬ አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ገብተዋል። በአገራችን ሳሉ የስርየቱን ቀን «አስተሥርዮ» ብለው በጾም ያከብሩት ነበር። የፍየሉን ቀን የሚጾሙት ሰዎች በእኛ ዘንድ ፍየል ሆነው ኖሩ።

ሌላውን ስወቅስ ራሴን እንዳልተው፥ የራሴንም እናገራለሁ። በልጅነቴ በአንድ ጉባኤ ቤት ቅኔ ስቈጥር፥ የመምህራችንን የብራና መጽሐፍ በፀሐይ ለማየት ከጎጆ አውጥተነው ነበር። ወራቱ ሐምሌ ነበር። ቅኔ ለመቀኘት ተበትነን መጽሐፉን ረሳነው፤ ዝናም መጣና ቀለሙን አጠበው፥ ብራናውም ተኰማተረ። መምህራችን ማታ «ማን አወጣው?» ብለው ጠየቁ። በመካከላችን ከሩቅ አገር የመጣ፥ ገና ወር ያልሞላው፥ ዘመድ የሌለው አንድ ትንሽ ልጅ ነበረ። ማን አስቀድሞ ስሙን እንደ ጠራ አላስታውስም፤ ሁላችንም ግን «እርሱ ነው» አልን። ልጁ «እኔ አላየሁትም» እያለ አለቀሰ፤ ዐሥር አፍ ካንድ አፍ ይልቃልና አልታመነለትም። ተገረፈ። በማለዳ ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ በጭቃው ወረደ። ለፍየሉ መሪ እንኳ በየመንገዱ ዐሥር ዳስ ተተክሎለት ነበር፤ ለእርሱ ግን ቁራሽ ያቀበለው ሰው መኖሩን አላውቅም። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም። መጽሐፉን ከጎጆ ያወጣሁት እኔ ነበርሁ። መምህራችን ይህን ሳልነግራቸው ዐረፉ።

ለዚህ ነው የልጁ ጥያቄ እንቅልፍ የነሣኝ። በሌላው ቀን ሲመጣ እንዲህ ብዬ መለስሁለት። «በግ» የተባለው በስሕተት ነው፤ መሥዋዕት የሚለውም አይስማማውም፤ የታረደው ሌላው ፍየል ነውና። በመጽሐፍ ላለው «የሚለቀቅ ፍየል» በል፤ ስለ ሰው ሲነገር ግን በአንድ ቃል የሚገባ አማርኛ አላገኘሁለትም፤ «የሌላው በደል የተጫነበት» ብትል ይቀርባል። ልጁም ደብተሩን በጕልበቱ ላይ ዘርግቶ «በግ» የሚለውን ሰርዞ «ፍየል» ብሎ ጻፈ፤ ቀጥሎም፥ «የኔታ፤ ሁለቱ ፍየሎች አንድ ዐይነት ናቸው ካሉኝ፥ ዕጣው ባይወጣ ኖሮ የሚሰደደውን በምን ይለዩት ነበር?» አለኝ። በምንም አይለዩትም አልሁት።